ሁለታችን ያጠበቅናት ቡሎን

ውድ ከማሌ፣

ያለህበትን አላህ ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ በልቤ ሳወራህ ከርሜያለሁ። ሰሞኑን የሆነው ነገር ግን በልብ ብቻ የሚወራ አልሆነልኝም፤ ለሰው እንዳልነግረው ደግሞ ያንተ ገመና አለበት። ስለዚህ ሱቃችን ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እያቋረጥኩ እጽፍልሃለሁ። አሁን እንኳ አንዱ የዘይት ፊልትሮ ሊገዛ መጥቶ ዋጋ ሲከራከረኝ ቆይቶ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። አንተ ብትኖር «ስጪው ባክሽ» ብለህ ታበሳጨኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጅህ ሐያት በቁመት አልፋኛለች። ስቆጣት ቅንድቧን ልክ እንዳንተ ከፍ ታደርገዋለች፤ ያኔ ቁጣዬን ሳልጨርስ ሳቄ ይመጣል። እናትህ ከመሰላ መጥተው ሰንብተው ሄዱ። «ከስተሻል» እያሉኝ ሲጨነቁ ነው የከረሙት፤ «ማሎ፣ ብዪ እንጂ!» እያሉ ሰሃኑን ወደኔ ሲገፉ፣ እኔ ወደሳቸው ስመልስ፣ ምሳችን እንዲሁ በግፊያ ያልቅ ነበር። ጓሮ ያለችው ፓፓያ አፈራች። እጅህን በናፍጣና በሳሙና ታጥበህ የምትጠርግባትን ፎጣ አልጣልኳትም። ሐያት «እማ፣ ይቺ እኮ ፎጣ መሆኗ ቀርቶ ጎማ ሆናለች» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ብትቆም ራሷን ችላ ትቆማለች። ቢሆንም እዚያው ምስማሯ ላይ ናት።

ጋራዡን የድሮ ባልደረባህ ጋሽ ተስፋዬ ይዘውታል። ዶልፊኗን፣ ያቺን ነጭ ሚኒባሳችንን፣ ወንድምህ ያሲን ከቺሮ ቦርደዴ እየነዳ ያሠራታል። ቤታችን የሚተዳደረው በሷና በዚህች ሱቅ ነው። ያሲን ጥሩ ልጅ ነው፤ ከጫት መኪኖቹ ጋር ቁልቁለቱ ላይ እሽቅድምድም ካልገጠመ።

ስምህ በከተማው ውስጥ እንዴት እንደሚነሳ ብነግርህ ትስቃለህ። ያ የአማና ነገርህ ትዝ ይልሃል? ሞተር ሠርተህ ስትጨርስ የክራንኩን ቡሎን የመጨረሻ ስበት ብቻህን አትስባትም ነበር። የመኪናውን ባለቤት ትጠራዋለህ፤ ነጋዴ ይሁን ሐጂ፣ ነጭ ይልበስ ጥቁር፣ ቁልፉ ጫፍ ላይ በሰካኸው ቧንቧ ላይ እጁን ያስቀምጣል። ቢስሚላህ ብላችሁ አብራችሁ ትስባላችሁ። «የተሳፋሪው ነፍስ የሁለታችን አማና ነው፤ ነገ አንዳችን በአንዳችን ላይ አናላክክም» ትል ነበር። የሁለት ሰው ጉልበት የገባበት ቡሎን ደግሞ ከልኩ በላይ እንደሚጠብቅ ጋሽ ተስፋዬ ስንቴ መከሩህ! አልሰማህም። እነሆ ዛሬ ከቺሮ እስከ ቦኬ ያለ መካኒክ የማይፈታ የክራንክ ቡሎን ባጋጠመው ቁጥር መጀመሪያ ይራገማል፣ ቀጥሎ «ይቺ የከማል ናት» ይላል፣ ከዚያ መራገሙ ትዝ ሲለው ደንግጦ «አላህ ይዘንለት» ይላል። ክርስቲያኖቹ «ነፍሱን ይማር» ይላሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ዶልፊኗ ከፊት በኩል ዘይት ታፈስ ጀመር። ያሲን መጀመሪያ «ጠብታ ነው» አለኝ። ጠብታው ግን ሰንብቶ የታይሚንግ ቺንጊያውን ነካው። ጋሽ ተስፋዬ ጎንበስ ብለው አይተው፣ ዘይት የነካው ቺንጊያ ዕድሜ እንደሌለው፣ ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ተሰባብሮ እንደሚያልቅ፣ ሰዉም ሜዳ ላይ እንደሚቀር ነገሩኝ። ቺንጊያው እንዲቀየር ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ፑሌጃ መውጣት አለበት፤ ፑሌጃው እንዲወጣ ደግሞ የያዘችው ያቺ የክራንክ ቡሎን መፈታት አለባት። አንተን ሞተር ላስተምርህ ፈልጌ አይደለም፤ ነገሩን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ያህል ነው።

እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አዘገየሁት። ረመዳን ይለፍ አልኩ፣ ዒድ ይለፍ አልኩ፣ የገበያ ቀን ነው አልኩ። ያሲን ገንዘብ የሳሳሁ መስሎት ተቀየመኝ። ምክንያቱን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው፤ ያቺን ቡሎን ያጠበቅንባትን ጁምዓ አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

ኩላሊትህ እየጣለህ ነበር። ለሰው «ትንሽ ወገቤን» እያልክ ትሸፍነዋለህ እንጂ ልብስህ ላይህ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሌሎቹ መካኒኮች ለሶላት ሄደው ከዚያ በየጫት ባርጫቸው ሲበተኑ፣ አንተ ከመስጊድ ተመልሰህ ብቻህን ዶልፊኗ ስር ገባህ። ቺንጊያውን እያረፍክ፣ እያረፍክ ቀየርክ። መጨረሻ ላይ «ሙኒ፣ ኮቱ፣ ነይማ» ብለህ ጠራኸኝ። እንደ ደንብህ እንደ ባለቤት እጄን እንዳስቀምጥ መስሎኝ ሱቁን ለሐያት ትቼ መጣሁ። ቧንቧውን ስበህ ክንድህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ደግመህ ሳብክ። ከዚያ ተውከውና መሬት መሬቱን እያየህ «ከሱቅ ያቺን የቡሎን ሙጫ አምጪልኝ» አልከኝ።

ዕድሜህን ሙሉ «ሙጫ ክንድ ለሌለው ሰው ነው» ስትል የኖርክ ሰው! ስንቱን መካኒክ ሙጫ ሲገዛኝ አይተህ «ክንድህን የት ጣልከው?» ብለህ አሳፍረህብኛል፤ ስንቱን ደንበኛ አባረህብኛል። ያን ቀን ግን አልቀለድኩብህም፤ አልቻልኩም። ቡሎኗን መልሰን አወጣናት። ቲዩቡን ለመክፈት ጣትህ እምቢ ስላለህ እኔ ከፍቼ፣ ጥርሷን በጣቴ ዙሪያዋን ቀባሁ። አስገባናት። ቧንቧውን እኔ ያዝኩ፣ አንተ እጅህን እጄ ላይ አኖርክ። «ጃባዱ» አልከኝ፣ በርቺ። በሙሉ ሰውነቴ ተንጠለጠልኩበት፤ እግሬ ከመሬት ተነሳ። ያንተ እጅ ምንም ክብደት አልነበራትም ከማሌ። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁህም። «ለማንም አትንገሪ» አላልከኝም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። ከዚያ በኋላ ቁልፍ አላነሳህም።

ፍርሃቴ ምን እንደነበር አሁን ገባህ። ቡሎኗ በአንድ ሰው ስበት ላላ ብላ ብትወጣስ? ጋራዡ ሁሉ አፉን ይዞ «የራሱን መኪና እንኳ ማጥበቅ አቅቶት ነበር ለካ» ቢልስ? ሙጫውን ቢያዩስ? ለዚህ ሁሉ ሰው የምትቀረው በክንድህ ነው። እሷም ከሄደች ምን ትቀርልኛለህ ብዬ ፈራሁ።

ያሲን አንድ ቀን ከቦርደዴ ሲመለስ ሞተሩ ያፏጭ ጀመር አለኝ። ከኋላ የተሳፈረች እርጉዝ ሴት ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ አላህ አላህ ሲል መጣ። ይህን ስሰማ አማና ያልከው ነገር መጣብኝ። ላንተ ስም ብዬ የሰው ነፍስ ይዤ ልቀመጥ? በማግስቱ ዶልፊኗ ጋራዥ ገባች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብዬ ሱቁን ዘግቼ ሄጄ ቆምኩ።

ጋሽ ተስፋዬ መኪናዋን ማርሽ አስገብተው፣ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፈው፣ ያሲንን ፍሬን አስረገጡ። ቁልፉን ሰክተው በባዶ እጅ ሳቡ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ «ያ ረቢ፣ ጥብቅ አድርጋት» እያልኩ ነበር። መኪናው እንዲሠራ የሚለምን ባለመኪና አይተህ ታውቃለህ፤ ቡሎኑ እንዳይፈታ የሚለምን ግን እኔን ብቻ ነው የምታገኘው። አልተነቃነቀችም። ቧንቧ ጨመሩበት፤ አልተነቃነቀችም። ሁለቱ ጎረምሳ መካኒኮች መጥተው አብረው ተንጠለጠሉ። ቧንቧው ጎበጠ። «ወላሂ የከማል ክንድ!» አለ አንዱ፤ «ሞቶም አይለቅም!» አለና እንደተለመደው ደንግጦ ዱዓ አደረገ። እኔ በሻሼ ጫፍ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። ኩራት ይሁን ልቅሶ አላወቅኩትም።

ዱዓዬ ግን ከልክ በላይ ነው የተሰማው። ረፋዱ አለፈ፣ ነጭ ጋዝ አፍስሰው ጠበቁ፣ ምንም የለም። አንዱ የቡሎን ቁልፉን ሻንሲው ላይ አስደግፈን በሞተሪኖ፣ በማስነሻ ሞተሩ፣ እናስነሳት አለ፤ አንተ «የሌባ አፈታት» የምትለውን። ያሲን የመኪናዋን ቁልፍ ሲያዞር መኪናዋ ዘለለች፣ ቡሎኗ ጭንቅላት ላይ የተሰካው ቡሶላ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ቡሎኗ እዚያው ናት። ከዚህ በኋላ ሳቄ ጠፋ። ያሲን ከብረታ ብረት ቤቱ የመቁረጫ ማሽን ይዞ መጣ፤ ጭንቅላቷን ቆርጠን ቀሪውን በመሰርሰሪያ እናውጣው አለ። ጋሽ ተስፋዬ ፊታቸው ጠቆረ። መሰርሰሪያው ትንሽ ከሳተ የክራንኩ ጫፍ እንደሚበላሽ፣ ክራንኩ ከተበላሸ ደግሞ ሞተሩን እንድንረሳው ነገሩኝ። «ሌላ መላ ግን አላየሁም ልጄ፤ ውሳኔው ያንቺ ነው» አሉኝ።

መላውን እኔ አውቀዋለሁ ከማሌ። ሙጫ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሙጫ የገባበት ቡሎን እሳት ካላየ አይፈታም። ጋሽ ተስፋዬም ያውቁታል፤ ነገር ግን ከማል በሠራው ሞተር ውስጥ ሙጫ አለ ብሎ ማን ይጠርጥር? ዘይት ባለበት ቦታ በከንቱ እሳት ማን ያስጠጋል? ዝም ብል ክንድህ ትድናለች፣ የሐያት እንጀራ ግን በመሰርሰሪያ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ብናገር ሞተሩ ይድናል፣ አንተ ግን በወጣት መካኒኮች ፊት ትዋረዳለህ። ያሲን ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰካው። ድምፁን ስሰማ ጥርሴን ነዘረኝ።

«አቁም!» አልኩ። ድምፄ እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። «በእሳት አሙቋት። ሙጫ አለባት።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያሲን ተቆጣ፤ «ወንድሜ ሙጫ አይነካም!» አለኝ፣ ያዋረድኩህ መስሎት። እኔም ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «እሱ አልነካም። እኔ ነኝ የቀባሁት። እሱ ዞር ሲል ከሱቅ አምጥቼ ቀባሁት። የተሳፋሪ ነገር አስፈርቶኝ ነው።»

ጎረምሶቹ ሳቁብኝ። «ሴት ሞተር ውስጥ ከገባች እንዲህ ነው» አለ አንዱ። ይበል። እኔ የማየው ጋሽ ተስፋዬን ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን አብሯቸው የሠራ ሰው ዞር ብሎ ቡሎን ያስቀባል ብለው እንደማያምኑ ገባኝ። በመጨረሻው ሰሞን ልብስህ እንዴት ተንጠልጥሎብህ እንደነበር እሳቸውም አይተዋል። «የብየዳውን እሳት አምጡ፤ አሸዋም አቅርቡ» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ባትሪውን አላቅቀው፣ ዘይቱን ጠራርገው፣ እሳቱን ቡሎኗ ጭንቅላት ላይ ብቻ አድርገው በትዕግሥት አሞቋት። ከዚያ ቁልፉን ሰኩና «ሙኒራ፣ እስቲ ነይ፤ ባለቤቷ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እጄን ቧንቧው ላይ አኖርኩ። ሳብን። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቀጥሎ «ጧ!» ብላ ጮኸች። ያሲን ፍሬኑን ለቆ ዘሎ ወረደ። እኔ ባዶ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ተስፋዬ ቡሎኗን አወጧት። ጥርሷ ዙሪያውን ሙጫ ነበር፣ እንደቀባሁት። ጎረምሶቹ ሊያዩ ሲጠጉ እሳቸው በጨርቃቸው ጥርግ ጥርግ አደረጓትና ጮክ ብለው «ይሄ ምን ሙጫ ይባላል? የጠብታ ታህል! ይቺን የያዛት የከማል ክንድ ነው» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደኔ አይተው ጨርቁን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። አላህ የሚከፍላቸው ሰው ናቸው፤ የእኔ ምስጋና አይበቃቸውም። ለውሸቴም ምሕረት ለምኛለሁ፤ ግን ሳስበው ከተናገርኩት ውስጥ ውሸቱ «ዞር ሲል» የሚለው ብቻ ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት፣ እሱ እውነት ነው።

ቺንጊያው ተቀየረ፣ የሚያፈሰው የዘይት ማገጃም ተቀየረ። ቡሎኗ ስትመለስ ጋሽ ተስፋዬ ቀስ ብለው «ሙጫ ላድርግ?» አሉኝ። አያስፈልግም አልኳቸው። ያሲንንም ጠራሁት፤ የሚነዳት እሱ ነውና እጁን እንዲጨምር አደረግኩ። አኩርፎ ስለነበር እጁን ያስቀመጠው እንደ እንግዳ ነው፤ ስንስብ ግን ጉልበቱን አልሰሰተም። «ጃባዱ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ ያንተን መሰለኝ። ዶልፊኗ በማግስቱ ቦርደዴ ደርሳ ተመለሰች። ያሲን ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ እጁ አለበታ።

ለሐያት ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ትንሽ ከፍ ስትል። አባቷ መጨረሻ ላይ ደክሞ እንደነበር፣ ሲደክም ደግሞ አማናውን ሜዳ ላይ እንዳልጣለ፣ ለእናቷ እንዳስያዘ ታውቃለች። ለሌላው ግን ቃል እገባልሃለሁ፤ አንድም ሰው ከኔ አፍ አይሰማም። አንድ ቀን ጋሽ ተስፋዬ ቢደክሙ፣ እኔም ብሸመግል፣ የማናውቀው መካኒክ ከዶልፊኗ ስር ተኝቶ ያቺን ቡሎን መፍታት አቅቶት ይራገም ይሆናል። ማን ነው እንዲህ ያጠበቃት ብሎ ከጠየቀኝ፣ የከማል ናት እለዋለሁ። እሱም ደንግጦ «አላህ ይዘንለት» ይላል። እኔም አሚን እላለሁ።

ያንተው ሙኒራ
ከቺሮ